የቃጫ ኮምፖዚት ከባዶ ሬዚን ለምን ደከመ? ከደብረ ማርቆስ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ደብረ ማርቆስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ነን። ጥናታችን ቃጫን ከፖሊስተር ሬዚን (ሃርድነር ሲገባበት ከሚጠጥር ፈሳሽ ፕላስቲክ) ጋር አዋሕዶ ለባጃጅ የውስጥ መሸፈኛ የሚሆን ሰሌዳ መሥራት ነው። ሞልዳችን (ሰሌዳውን የምንጥልበት ቅርጽ) 300 በ300 ሚሜ፣ ውፍረቱ 4 ሚሜ ነው፤ ከላይና ከታች 10 ሚሜ ውፍረት ያለው ብረት አለው። ቃጫውን በ5 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ 24 ሰዓት ዘፍዝፈን፣ አጥበን፣ በጥላ አድርቀን፣ በ10 ሚሜ ቆርጠን 60 ግራም በተንን። ሃርድነር 1 በመቶ ጨመርን። ያለቀው ሰሌዳ 400 ግራም መዘነ። ጊዜው ሐምሌ ነበር፤ ገጹ እስከ ሦስተኛው ቀን እጅ ይይዝ ነበር። መጋቢት ላይ የሠራነው ባዶ ሬዚን 40 ሜጋ ፓስካል ሲሸከም ቃጫ የገባበት 28 ላይ ተበጠሰ። የሬዚኑን አየር የምናወጣበት ቫኪዩምም መመሪያው -0.95 ባር እያለ ከ-0.74 አልወርድ ብሏል። ጥፋቱ የቃጫው ነው የፓምፑ? የእንጅባራ ቀርከሃ ይሻለን ይሆን?»

ሰላም ለእናንተ። ፓምፑ ደህና ነው፣ ቃጫውም አልበደላችሁም። ቁጥሮቹን ሳትሸሽጉ ማስፈራችሁ ሥራውን አቅልሎታል፤ መልሱ የሚገኘው እዚያው ውስጥ ነው። ማሽን ከመጠርጠራችሁ በፊት ሚዛኑ ያለውን እንስማ።

የሞልዱ ይዘት 30 በ30 በ0.4 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 360 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። የቃጫ እፍጋት በሴንቲ ሜትር ኩብ 1.45 ግራም ገደማ ነው፤ የጠጠረ ፖሊስተር ደግሞ 1.2 ገደማ። 60 ግራም ቃጫ የሚይዘው ቦታ 41 ሴንቲ ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ከ400 ግራሙ የተረፈው 340 ግራም ሬዚን 283 ይይዛል። ድምሩ 324 ነው። ሰሌዳው ግን 360 ነው። የጎደለው 36 አየር ነው። ከሰሌዳችሁ አሥር በመቶው ባዶ ቦታ ነው ማለት ነው። በእጅ የተሠራ ሥራ እንኳ ከ3 በመቶ በታች እንዲሆን ይጠበቃል። (ይህ ስሌት ውፍረቱ እውነት 4 ሚሜ ከሆነ ነው። በካሊፐር ዘጠኝ ቦታ ለኩ፤ ክዳኑ መሐሉ ላይ ጎብጦ 4.4 ሆኖ ከሆነ ክፍተቱ ከዚህም ይበልጣል።)

ሁለተኛው ነገር የቃጫው ማነስ ነው። 41 ከ360 ሲታይ 11.5 በመቶ ነው። ብዙ ተማሪ የቃጫን ድርሻ በክብደት ይጽፍና 15 በመቶ ብሎ ይረካል፤ ጭነት የሚሸከመው ግን የይዘት ድርሻ ነው። በዚህ መጠን የተበተነ አጭር ቃጫ ሬዚኑን የሚያግዘው ከሬዚኑ ጋር በደንብ ከተያያዘ ብቻ ነው። ካልተያያዘ እያንዳንዱ ክር በሬዚኑ ውስጥ ያለ ቀዳዳ ነው። ኒኮላይስና ናርኪስ በ1971 ያቀረቡት ቀመር አለ፤ ከሬዚኑ ጋር ፈጽሞ ያልተያያዘ ቅንጣት ጥንካሬውን ምን ያህል እንደሚቀንስ ይገምታል። የይዘት ድርሻውን ሁለት ሦስተኛ ርቢ ታወጡለታላችሁ፣ በ1.21 ታበዙታላችሁ፣ ከአንድ ትቀንሱታላችሁ። 0.115 ሲገባበት 0.71 ይወጣል። 40 በ0.71 ሲባዛ 28.4። የእናንተ ውጤት 28 ነው። ቀመሩ ለክብ ቅንጣት የተሠራ ስለሆነ ቁጥሩ ይህን ያህል መገጣጠሙን እንደ ማስረጃ አትቁጠሩት፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ቃጫችሁ እንደ ቃጫ አልሠራም።

ለምን አልተያያዘም? ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ ከባዱን ላስቀድም።

ውኃ። ቃጫ በተፈጥሮው እርጥበት ይጠጣል። በተራ አየር ውስጥ ከክብደቱ አሥር በመቶ ያህል ውኃ ይይዛል፤ በጎጃም ክረምት ደግሞ ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል። ሐምሌ ላይ በጥላ ማድረቅ ማለት ውኃውን ከሚታይበት ወደማይታይበት ማዛወር ነው። ከ60 ግራማችሁ ውስጥ ስድስት ሰባት ግራሙ ውኃ ነበር ብላችሁ ብትነሡ አትሳሳቱም። ይህ ውኃ ሦስት ጥፋት ያደርሳል። በክሩና በሬዚኑ መካከል ገብቶ እንዳይያያዙ ያደርጋል። ሬዚኑ ሲጠጥር በሚወጣው ሙቀት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ አረፋ ሆኖ ይቀራል፤ ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ እዚያ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ እንደሆነም አትርሱ። ሦስተኛው ተንኮለኛው ነው፦ ሬዚኑ ውስጥ ያለውን፣ መጠጠሩን የሚያፋጥነውን ኮባልት ያደክመዋል፣ ሬዚኑም በቅጡ ሳይጠጥር ይቀራል። ለመጣበቁ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የክሩ ርዝመት። 10 ሚሜ የተመረጠው ለመበተን ስለሚመች ሳይሆን አይቀርም። ሒሳቡ ግን አይፈቅድም። ክር ሙሉ አቅሙን እንዲሸከም የሚያስፈልገው አነስተኛ ርዝመት የሚገኘው የክሩን ጥንካሬ በውፍረቱ አባዝቶ፣ በክሩና በሬዚኑ መካከል ላለው የመያያዝ ጥንካሬ እጥፍ በማካፈል ነው። ለቃጫ 500 ሜጋ ፓስካል፣ 0.2 ሚሜ ውፍረትና 5 ሜጋ ፓስካል መያያዝ ብትወስዱ ልክ 10 ሚሜ ይወጣል። እናንተ የቆረጣችሁት ድንበሩ ላይ ነው፤ በድንበሩ ላይ ያለ ክር በአማካይ የሚሸከመው የአቅሙን ግማሽ ነው። 30 ሚሜ ብታደርጉት ወደ 83 በመቶ ይወጣል። ከዚያ በላይ ማስረዘም ለተበተነ ቃጫ ትርፉ ትንሽ ነው፤ ክሩ እየተጠቀለለ ድቡልቡል ይሠራና ሬዚን የማይደርስበት ደረቅ ቋጠሮ ይተዋል።

ሶዳው። 5 በመቶ ደህና ነው፤ 24 ሰዓት ግን በዛ። የሶዳው ሥራ በክሩ ላይ ያለውን ሰምና ሙጫ መሰል ነገር፣ ከፊሉንም ሊግኒን ማንሣትና ገጹን ማሻከር ነው። ይህ በ4 ሰዓት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሶዳው የሚበላው ክሩን ራሱን ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ አጠባው ነው። «አጠብን» ብላችኋል፤ እስከ ምን? በክሩ ውስጥ የቀረ ሶዳ ፖሊስተርን ቀስ እያለ ይሰባብረዋል፤ ዛሬ ደህና የመሰለ ሰሌዳ ከወራት በኋላ የሚነጣውና የሚላጠው በዚህ ነው። ማቆሚያው የፒኤች ወረቀት 7 ሲያሳይ ነው፤ ውኃው ስለጠራ አይበቃም።

አሁን ከሁሉ የከፋውን ልንገራችሁ፤ ፈታኝ ቢያገኘው መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው። ባዶው ሬዚን የተሠራው በመጋቢት፣ ቃጫው የገባበት በሐምሌ። ይህ ንጽጽር አይደለም። በመጋቢት የደብረ ማርቆስ ቀን ሞቃት ነው፣ አየሩም ደረቅ። ሐምሌ ላይ ቀኑ ከ20 ዲግሪ ብዙም አይዘልም፤ ሌሊቱ ወደ 10 ይወርዳል። ፖሊስተር ከ15 ዲግሪ በታች በአግባቡ አይጠጥርም። ስለዚህ ያነጻጸራችሁት የጠጠረ ሬዚንን ካልጠጠረ ሬዚን ጋር ነው፤ ቃጫው መሐል ገብቶ ተከሰሰ። ባዶውና ቃጫ ያለው በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጣሳ ሬዚን፣ በአንድ ሙቀት ተሠርተው አንድ ላይ መጠጠር አለባቸው።

ብርዱን የሚያባብስ ሌላ ነገር አለ፤ ሞልዱ። 300 በ300 በ10 ሚሜ ብረት 7 ኪሎ ይመዝናል፤ ሁለቱ 14 ኪሎ። በመሐላቸው ያለው ሬዚን 340 ግራም። ሌሊቱን 10 ዲግሪ ላይ ያደረ 14 ኪሎ ብረት የዚያችን ሬዚን ሙቀት ገና ሳትጀምር ይጨርሰዋል። ክፍሉን ማሞቅ ብቻውን አይበቃም፤ ብረቱን ቀድማችሁ 30 ዲግሪ አድርሱት። ኦቨን ውስጥ አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

እግረ መንገዴን፦ ክፍል ለማሞቅ የከሰል ማንደጃ እንዳታስገቡ። የከሰሉን ጭስ አደጋ ሁሉም ያውቃል፤ ሬዚኑ ውስጥ ያለው ማቅጠኛ ፈሳሽ፣ ስታይሪን፣ ግን 31 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በእሳት ብልጭታ ሊያያዝ የሚችል ትነት ይሰጣል፤ ብሩሽ የምታጥቡበት አሴቶን ደግሞ በማንኛውም ብርድ ይቀጣጠላል።

ወደ ሃርድነሩ እንምጣ። 1 በመቶ ለሞቃት ቀን ነው። በ20 ዲግሪ 1.5፣ ከዚያ ዝቅ ካለ እስከ 2 በመቶ ትሄዳላችሁ፤ ከ2 በላይ ግን አትጨምሩ፣ ትርፉ ሬዚኑን ያለሰልሰዋል። ዋናው ጥያቄ 1 በመቶ ያላችሁት በምን ተለክቶ ነው? ለ340 ግራም 3.4 ግራም ነው። የወጥ ቤት ሚዛን በአንድ ግራም ስለሚዘል 3 ሲያሳይ 2.5 ወይም 3.4 ሊሆን ይችላል። በጠርሙስ ክዳን የሚለካውንማ ተዉት። 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ከሌለ 5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ተጠቀሙ፤ የሃርድነሩን እፍጋት ከጠርሙሱ ወይም ከመመሪያው አንብባችሁ ግራሙን ወደ ሚሊ ሊትር ቀይሩ። መነጽር ግዴታ ነው፦ ሃርድነሩ ፐርኦክሳይድ የሚባል ኬሚካል ነው፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ብርሃን ይወስዳል፤ ከገባ ወዲያው በብዙ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ኮባልቱ ለብቻ የተሸጠላችሁ ከሆነ ከሃርድነሩ ጋር ፊት ለፊት አታገናኙት፤ ይፈነዳል። መጀመሪያ ኮባልቱ ሬዚኑ ውስጥ በደንብ ይሟሟል፣ ከዚያ በኋላ ሃርድነሩ ይገባል።

የገጹ መጣበቅ ከብርዱና ከእርጥበቱ ሌላ ሦስተኛ ምክንያት አለው፤ ኦክስጅን። ፖሊስተር አየር በነካው ገጽ ላይ መጠጠሩን ያቆማል። ሰሌዳው ሙሉ በሙሉ በሞልዱ ካልተሸፈነ፣ ወይም ክዳኑና ሬዚኑ መሐል አየር ከቀረ፣ ያ ቦታ ይጣበቃል። ፍቱኑ ነገር ከታችም ከላይም ለስላሳ የፖሊስተር ፕላስቲክ ወረቀት ማንጠፍ ነው፤ ሞልዱንም ከመጣበቅ ያድናል።

ፓምፑን በተመለከተ። ጌጃችሁ የሚያነበው ከአካባቢው አየር ጋር እያነጻጸረ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ የአየሩ ግፊት 1.01 ባር ነው፤ ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር 0.81 ባር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ 0.75 ባር ገደማ። ፓምፕ ያለውን አየር ያወጣል እንጂ የሌለውን ማውጣት አይችልም። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ላይ -0.95 የሚያሳይ ጌጅ ካያችሁ የተበላሸው ጌጁ ነው። -0.74 ማለት ቻምበሩ ውስጥ የቀረው 0.01 ባር ብቻ ነው፤ ከሚያስፈልገው በላይ። እንዲያውም እዚያ ደረጃ ላይ ሬዚኑ መቋጫ የሌለው አረፋ ሲያወጣ አይታችሁ ከሆነ አየር አይደለም፤ ስታይሪኑ መፍላት ጀምሯል። በ20 ዲግሪ ስታይሪን የሚፈላው 0.006 ባር አካባቢ ነውና ድንበሩ ላይ ናችሁ። ስታይሪን የተቀነሰበት ሬዚን ይወፍራል፣ ቃጫውን አያርስም፣ ሲጠጥርም ይሰነጠቃል። በእናንተ ከፍታ -0.70 ላይ ለ10 ደቂቃ አቁሙት። ይህን የምታደርጉት ሃርድነር ከመግባቱ በፊት ነው፤ ከዚያ ሃርድነሩን ስትቀላቅሉ ማንኪያውን ከሬዚኑ ሳታወጡ ቀስ ብላችሁ አማስሉ፤ እየመታችሁ ብትቀላቅሉ ያወጣችሁትን አየር መልሳችሁ ታስገቡታላችሁ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር፦ ወደፊት በቫኪዩም ከረጢት ለመሥራት ካሰባችሁ፣ ሰሌዳውን የሚጫነው የአካባቢው አየር ብቻ ነው። በደብረ ማርቆስ ያ ጫና በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አራተኛ ያንሳል፤ ከጽሑፍ ላይ ያገኛችሁትን የቃጫ ድርሻ በከረጢት ብቻ ለማግኘት አትጠብቁ። የተፈጥሮ ክር እንደ ስፖንጅ ስለሚገፋ ከፍ ያለ ጫና ይፈልጋል። ለእናንተ መጠን የመኪና ክሪክ ያዋጣል። የ300 በ300 ሰሌዳ ስፋት 0.09 ሜትር ካሬ ነው፤ 2 ባር ለመጫን 18 ኪሎ ኒውተን፣ በግምት 1.8 ቶን ያስፈልጋል። ባለ 5 ቶን ክሪክ ከጠንካራ የብረት ፍሬም ጋር ሥራውን ይሠራል። በአራቱ ማዕዘን 4 ሚሜ የብረት ማራራቂያ አስቀምጡ፤ ውፍረቱን የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

እንግዲህ እንደገና ሥሩት። ግባችሁ 30 በመቶ የይዘት ድርሻ ይሁን። 360 በ0.3 ሲባዛ 108 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ በ1.45 ሲባዛ 157 ግራም ደረቅ ቃጫ። ለሬዚኑ የቀረው 252 ሴንቲ ሜትር ኩብ 302 ግራም ነው፤ በጠርዝ ለሚፈሰውና በባልዲው ለሚቀረው ጨምራችሁ 340 አዘጋጁ።

ሶዳው ክብደት ስለሚቀንስ 200 ግራም ጥሬ ቃጫ ይዛችሁ ተነሡ። 3.8 ሊትር ውኃ በፕላስቲክ ባልዲ አድርጋችሁ 200 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ጥቂት በጥቂት ጨምሩበት፤ ሶዳው ወደ ውኃው እንጂ ውኃው ወደ ሶዳው አይገለበጥም። የአሉሚኒየም ድስት አይሆንም፦ ሶዳው ብረቱን በልቶ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። 4 ሰዓት በክፍል ሙቀት ይቆይ። ከዚያ ውኃ እየለወጣችሁ እጠቡ፤ ማለቂያው ላይ አንድ እጅ አቼቶ በአራት እጅ ውኃ የተበረዘበትን አንድ ጊዜ አሳልፉበት፣ ደግማችሁ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁና ፒኤቹን እዩ። ማድረቂያው 80 ዲግሪ ኦቨን ነው። ጊዜ አትቁጠሩ፤ በሁለት ሰዓት ልዩነት ሁለቴ መዝናችሁ ለውጡ ከ0.5 በመቶ በታች ሲሆን ደርቋል። ከኦቨን ሲወጣ ወዲያው በወፍራም ፌስታል ታሽጎ ይቀመጥ፤ ክፍት ከቀረ ያወጣችሁትን ውኃ ከአየሩ መልሶ ይጠጣል። ቃጫውን ኦቨን ውስጥ አድርቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ምሳ የሄደ ሰው ኦቨኑን በከንቱ ነው ያስነሣው።

በመጣል ቀን ብረቱን አሙቁ፣ ሰም ሦስት ጊዜ ቀብታችሁ አጽዱ፣ ወረቀቱን አንጥፉ። የሬዚኑን ባልዲ በ25 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ውስጥ አቁሙት፤ ቀዝቃዛ ሬዚን ወፍራም ነው፣ በቃጫው ክሮች መሐል አይሰርግም። ቃጫውን አራት ቦታ ክፈሉት፣ እያንዳንዱ 39 ግራም። መጀመሪያ ጥቂት ሬዚን ከታች፣ ከዚያ ቃጫ፣ ከዚያ ሬዚን፤ ሁልጊዜ ሬዚኑ ከሥር ወደ ላይ ቃጫውን እየገፋ ይምጣ፤ ከላይ ብቻ ስታፈሱ አየሩ ከሥር ይታገታል። በሮለር ከመሐል ወደ ዳር ግፉ። ክዳኑን ከጫናችሁ በኋላ ክሪኩን በአንድ ጊዜ አትጨርሱት። አምስት ደቂቃ ያህል ወስዳችሁ ዝቅ አድርጉት፤ ሲቸኩሉ ሬዚኑ ቃጫውን ይዞ ወደ ጠርዝ ይሮጥና መሐሉ ራቁቱን ይቀራል። ሬዚኑ መርጋት ከመጀመሩ በፊት መጨረስ አለባችሁ፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ 50 ግራም በዚያው ሃርድነር በስኒ ሞክራችሁ የመርጊያ ጊዜውን እወቁ።

በማግስቱ አውጡትና ኦቨን ገብቶ ይብሰል፤ 70 ዲግሪ፣ 4 ሰዓት። ኦቨኑ ጠባብ ከሆነ የቴርሞሜትር ማስገቢያ ያለው የእንጨት ሳጥንና 100 ዋት አምፖሎች 50 ወይም 60 ዲግሪ ያደርሷችኋል፤ ጊዜውን ወደ 8 ሰዓት አስረዝሙ። ሳጥኑን የምትጠቀሙበት ሰሌዳው ከጠጠረ በኋላ ብቻ ነው። መብራት ከሄደ አትክፈቱት፤ ሲመለስ የጎደለውን ሰዓት ጨምሩ። መጠጠሩን ለማረጋገጥ ጥጥ በአሴቶን ነክራችሁ ገጹን ለግማሽ ደቂቃ እሹት፤ ከተጣበቀ ገና ነው።

ከዚያ ወዲያው ሚዛን። 30 በመቶ ቃጫ ያለው፣ አየር የሌለበት ሰሌዳ እፍጋቱ 1.275 ነው። የእናንተ 1.24 ከወጣ ክፍተቱ 3 በመቶ ስለሆነ ለሙከራ ይሂድ። 1.20 ከወጣ ወደ 6 በመቶ ነው፤ አትቁረጡት፣ እንደገና ሥሩ። የመስታወት ፋይበር ላይ የሚደረገው በእሳት አቃጥሎ ክሩን የመመዘን ዘዴ እዚህ አይሠራም፤ ቃጫው አብሮ ይነዳል። ስለዚህ የደረቀውን ቃጫ ክብደት ሥራ ሳይጀመር መመዝገብ ብቸኛው መንገዳችሁ ነው።

ሙከራው ላይ በኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ዲ 3039 (የኮምፖዚት የመጎተት ሙከራ ደረጃ) ሂዱ፤ 250 በ25 ሚሜ ናሙና፣ በደቂቃ 2 ሚሜ ፍጥነት፣ ቢያንስ አምስት ናሙና። ከአራቱም ጠርዝ 25 ሚሜ ጣሉ፤ ከቀረው 250 በ250 ላይ ስምንት ናሙና ይወጣል። በግራይንደር ደረቁን መቁረጥ ጠርዙን ያቃጥላል፣ ስንጥቅም ይተዋል፤ በውኃ የሚቀዘቅዝ የአልማዝ ዲስክ ተጠቀሙ፣ ጠርዙን በ320 ከዚያ በ600 ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ቃጫው ስለተጋለጠ ውኃ ይጠጣል፤ ከሙከራው በፊት በ50 ዲግሪ ዳግም ይድረቅ። ማሽኑ መንከሻ ሥር የተበጠሰ ናሙና በአማካዩ ውስጥ አይገባም፤ ስንት እንደተበጠሰ ግን ይጻፋል። ነጠላ ክርንም መጎተት ከፈለጋችሁ፣ ብትፈልጉም ጥሩ ነው፣ ባሕር ዳር ያለውን የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቀድማችሁ ጠይቁ። የቃጫ ክር ከክር በጣም ስለሚለያይ ከ30 ያላነሰ ክር ያስፈልጋል፤ ሶዳ የነካውና ያልነካው ለየብቻ።

ምን ትጠብቁ? ለተበተነ ባለ 30 ሚሜ ቃጫ በ30 በመቶ የክሩንና የሬዚኑን ድርሻ የሚደምረው ቀመር 75 ሜጋ ፓስካል አካባቢ ይሰጣል፦ ከክሩ 500 በ0.3 በ0.83 በ0.375 (የመጨረሻው ክሩ በየአቅጣጫው በመበተኑ የሚመጣው ቅናሽ ነው)፣ ከሬዚኑ 40 በ0.7። እውነተኛው ውጤት ከዚህ ዝቅ ይላል፤ ከባዶው 40 ካልበለጠ ግን አሁንም አየር ወይም ውኃ አለ። ክሩን አበጥራችሁ በአንድ አቅጣጫ ብታስተኙት በዚያ አቅጣጫ ከእጥፍ በላይ ታገኛላችሁ፤ በጎኑ ግን ከባዶ ሬዚን ያንሳል። ለመሸፈኛ የተበተነው ይበቃችኋል።

ቀርከሃው ለብቻው ጥናት የሚወጣው ነገር ነው። የእንጅባራ ደጋ ቀርከሃ ጥሩ ነው፤ ክሩን ከግንዱ ማውጣት ግን ከቃጫ እጅግ ይከብዳል፣ በኮምፖዚትም ቢሆን ይህንኑ ውኃ ይጠጣል። ከፈለጋችሁ ክር አድርጋችሁ አትድከሙ፤ ሦስት ዓመት ያለፈውን ግንድ በበጋ አስቆርጡ፣ ስንጥቁን ከውጭኛው ልጥ በኩል ውሰዱ፤ ክሩ የሚበዛው እዚያ ነው፣ የውስጡ ለስላሳ ነው። አሁን ግን ቁሱን ብትለውጡና አሠራሩን ባትለውጡ ቀርከሃውም 28 ላይ ይበጠሳል።

ባጃጁ። ለውስጥ መሸፈኛ ይሆናል፤ ለመቀመጫ እግር፣ ለፍሬም፣ ለፍሬን አካባቢ አይሆንም። ፖሊስተር በእሳት ይያያዛልና ከሞተሩና ከጭስ ማውጫው አርቁት። 4 ሚሜ ውፍረት ቢበዛባችሁ መጠንቀቅ አለ፤ የመጉበጥ መቋቋሙ ከውፍረቱ ኩብ ጋር ስለሚሄድ 3 ሚሜ ሲሆን ግትርነቱ ወደ 42 በመቶ ይወርዳል። ከመሳሳት ይልቅ ከኋላው አንድ ሁለት ዘንግ ብትጨምሩለት ይሻላል። ጠርዙን ሁሉ ከተቆረጠ በኋላ ሬዚን ቀቡት። ለኤም 6 ብሎን ቀዳዳው 6.5 ሚሜ፣ ከጠርዝ ያለው ርቀት ከ18 ሚሜ ያላነሰ ይሁን፤ ከሥሩ 18 ሚሜ ሮንዴላ ይግባ፣ የቀዳዳው ግድግዳም ብሎኑ ከመግባቱ በፊት በብሩሽ ሬዚን ይነካ። በክረምት ጎዳና ጭቃና ውኃ የሚገባው በዚያ ቀዳዳ ነው።